መከራ ብቻውን መጽሐፍ አይጽፍም፦ ስለ ዳያና ዊን ጆንስ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ዳያና ዊን ጆንስ የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ አነበብኩ። ዳያና እንግሊዛዊት የልጆች ፋንታሲ (አስማት ያለበት ልቦለድ) ደራሲ ናት። ስሟ አዲስ ቢሆንባችሁ እንኳ "ሃውልስ ሙቪንግ ካስል" (የሃውል ተንቀሳቃሽ ግንብ) የተባለውን የጃፓን አኒሜሽን አይታችሁ ይሆናል። ፊልሙ የተሠራው ከእሷ መጽሐፍ ነው። ጽሑፉ ሲነበብ ይጥማል፤ አንጀትም ይበላል። ግን አንብቤ ስጨርስ አንድ ነገር ከነከነኝ። ጽሑፉ ውስጥ ያገኘኋት ሴት ሲበዛ ምስኪን ናት። መጽሐፎቿን የጻፈችው ሴት ግን ቀልደኛ፣ ነገር አዋቂና የሙያዋን ብልሃት ጠንቅቃ የያዘች ናት። ሁለቱን ማገናኘት አቃተኝ።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ዳያና በልጅነቷ ተበደለች፤ በደሉም ደራሲ አደረጋት። መጽሐፎቿ ውስጥ ያሉት ክፉ ሴቶች በሙሉ እናቷ ናቸው። ጥበቡን ኦክስፎርድ ውስጥ ያስተምሩ ከነበሩት የፋንታሲ ደራሲዎች ከቶልኪንና ከሲ. ኤስ. ሉዊስ ቀዳች። ቤት የምትውል ሚስት ስለነበረች ጊዜ ተርፏት ጻፈች። የጠንቋዩ የሃውል ታሪክ፣ ፊልሙ የተሠራበት መጽሐፍ ማለት ነው፣ የጦርነት ጊዜ ትዝታዋ ነው። ሃሪ ፖተርና ፊልሙ ባይመጡ ደግሞ ዛሬ የሚያነሳት ሰው አይኖርም ነበር።

ከእነዚህ ውስጥ እውነት ያለበት አለ። ግማሽ እውነት የሆነም አለ። ጭራሽ ውሃ የማይቋጥርም አለ። በተራ ልያዛቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመከራው እንጀምር፤ የጽሑፉ ምሰሶ እሱ ነውና።

ታሪኩ አይካድም። ዳያና በ1934 ለንደን ውስጥ ተወለደች። በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲታወጅ አምስት ዓመቷ ነበር። ወደ ዌልስ፣ ወደ አባቷ ወላጆች ቤት ተላከች። አያቷ ሰባኪ ነበር፤ የሚሰብከውም በዌልስ ቋንቋ ነው። ብዙም ሳትቆይ በሰሜን እንግሊዝ ሐይቆች አካባቢ ወዳለችው ኮኒስተን ሄደች። በ1943 ቤተሰቡ ኤሴክስ ውስጥ ታክስቴድ በምትባል ትንሽ ከተማ ከተመ። እናትና አባቷ እዚያ ለወጣቶች የትምህርትና የስብሰባ ማእከል ያስተዳድሩ ነበር።

ማእከሉ እንግዳ አይጠፋበትም። ወላጆቹ ለእንግዳው ሲባክኑ ሦስቱን ሴት ልጆቻቸውን ጆሮ ዳባ ልበስ አሏቸው። ልጆቹ የሚያድሩት ከዋናው ቤት በተነጠለ፣ ማሞቂያ በሌለው ክፍል ነበር። የትንሿ እህት ፀጉር ዓይኗ ላይ እየወረደ ሲያስቸግራት ዳያና ግንባሯ ላይ ቋጠረችላት። እናትየው ያንን ቋጠሮ ለረጅም ጊዜ ልብ አላለችውም። ይህቺ አንዲት ነገር ስለዚያ ቤት ከብዙ ገጽ በላይ ትናገራለች።

እዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን። የምንለያየው ከዚህ በኋላ ነው። እሳቸው ከተበደለች ልጅ በአንድ እርምጃ ወደ ታላቅ ደራሲ ይዘላሉ። በመሃል ያለውን ነገር ሁሉ ዘለውታል።

እስቲ እህቶቿን እንያቸው። በዚያ ብርድ ክፍል ያደጉት ሦስት ናቸው። መካከለኛዋ ኢዞቤል አርምስትሮንግ በቪክቶሪያ ዘመን ግጥም ላይ ስመ ጥር የሆነች ሃያሲና ፕሮፌሰር ሆነች። ትንሿ ኡርሱላ ጆንስ ተዋናይት ሆነች፤ በኋላ እሷም ለልጆች ጻፈች። ወላጆቹ ያው ናቸው፤ ቤቱ ያው ነው፤ ብርዱም ያው ነው። ቸልተኝነት ብቻውን ፋንታሲ ደራሲ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ኢዞቤልም ስለ ጠንቋዮችና ስለ ዘንዶዎች በጻፈች ነበር። ጸሐፊው ስለ እህቶቹ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የጻፉት። እንዲያውም ስማቸውን አልጠሩም።

ታዲያ ዳያናን ምን ለያት? ለእኔ መልሱ ያለው ጽሑፉ እንደ ዋዛ ጠቅሶት ባለፈው ነገር ውስጥ ነው። አባቷ እጁ የማይፈታ ሰው ነበር። የአርተር ራንሰምን የልጆች መጻሕፍት በአንድ ላይ ገዝቶ ቆለፈባቸው። ከዚያ ለገና አንድ መጽሐፍ ያወጣላቸዋል። ለእያንዳንዳቸው እንዳይመስላችሁ፤ አንዱ ለሦስቱም ነው። ጸሐፊው ይህን የጭካኔ ማስረጃ አድርገው አቀረቡት። ልክ ናቸው፤ ያናድዳል። ግን የሚቀጥለውን ጥያቄ አልጠየቁም። መጽሐፍ የተራቡ ልጆች ምን አደረጉ?

ታላቋ ጻፈች። ደብተር በደብተር ላይ እየደረበች ረጃጅም ታሪክ ጻፈች፤ ለእህቶቿም አነበበች። አስቡት። ብዙ ጀማሪ ደራሲ አንባቢ የሚያገኘው መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ነው። እሷ ገና ሳታድግ ሁለት አድማጭ ፊቷ ተቀምጠዋል። የሚጠብቁት የሚቀጥለውን ምዕራፍ ነው። ታሪኩ ከደከመ ወዲያው ታውቀዋለች። "ከዚያስ?" ካላሉ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። የትኛውንም መጽሐፏን አንሱና የመጀመሪያዎቹን አሥር ገጾች አንብቡ። ምንም ነገር ሳይከሰት የሚያልፍ ገጽ አታገኙም። ይህ ልማድ ከብርዱ አልመጣም፤ ከአድማጮቿ ነው የመጣው።

ሌላው ጽሑፉ ፈጽሞ የሳተው ነገር ሳቋ ነው። ኮኒስተን ሳሉ የሆነውን ውሰዱ። የጦርነት ጊዜ ስለሆነ ወረቀት የለም። ልጅቷ አንድ ቀን የሥዕል ወረቀቶች ታገኛለች። የአበባ ሥዕሎች ናቸው። በላጲስ አጥፍታ የራሷን ልትስል ተቀመጠች። ሥዕሎቹ የታላቁ ሃያሲ የጆን ራስኪን ነበሩ! ቤቱ በፊት የራስኪን ጸሐፊ የነበረ ሰው ቤት ስለነበረ ነው እዚያ የተገኙት። ተቆጧት፤ ተቀጣችም። እሷ ግን ካደገች በኋላ ይህን ስታወራ እንደ በደል አላወራችውም። ሰውን ለማሳቅ ነው ያወራችው።

አርተር ራንሰምም በታሪኩ ውስጥ ብቅ ይላል። ያ አባቷ መጽሐፉን የቆለፈባቸው ደራሲ ማለቴ ነው። ሐይቁ አጠገብ ይኖር ስለነበር የልጆቹ ጫጫታ ረበሸኝ ብሎ ሊከስስ መጣ። ቢያትሪክስ ፖተር ደግሞ፣ የጥንቸሎቹ ታሪክ ደራሲ፣ የአጥሯ በር ላይ ስትወዛወዝ ያገኘቻትን ኢዞቤልን በጥፊ አለቻት። ዳያና ከዚህ የወሰደችው ትምህርት የልጆች ደራሲዎች ልጅ እንደማይወዱ ነበር። በስምንት ዓመቷ ደራሲ እሆናለሁ ብላ ስታውጅ ወላጆቿ በሳቅ ፈነዱ። ይህንንም ቆይታ ስትናገረው የሚያስቅ ነገር አላጣችበትም።

ምስኪን ልጅ ብቻ አድርገን ከሳልናት ይህ ሁሉ ይጠፋል። ያ ሳቅ ደግሞ የአጻጻፏ ዋና መሣሪያ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ ወደ እናትየው። ይህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ጸሐፊው በመጽሐፎቿ ውስጥ ያሉት ክፉ ሴቶች ሁሉ አንድ ሴት ናቸው ይላሉ። በዚህ ዓይነት ንባብ ደራሲዋ ዕድሜ ልኳን ከእናቷ ጋር ስትጣላ የኖረች ትመስላለች። እውነት ነው፤ በቀጥታ ከልጅነቷ የቀዳችው መጽሐፍ አለ። እሱም በ1981 የወጣው "ዘ ታይም ኦፍ ዘ ጎስት" ነው። እናትና አባታቸው በሚያስተዳድሩት ትምህርት ቤት የተረሱ የአራት እህቶች ታሪክ ነው። ያ የተቋጠረ ፀጉር እንኳ እዚያ ውስጥ አለ። የሚገርመው፣ ደራሲዋ እውነተኛውን ነገር ማለዘብ ነበረባት። እንዳለ ብትጽፈው ማንም አያምናትም ነበር። ይህን የተናገረችው ራሷ ናት።

ግን ቀኑን ልብ በሉ። የመጀመሪያ ልቦለዷ የታተመው በ1970 ነው። የመጀመሪያ የልጆች መጽሐፏ የወጣው በ1973 ነው። ያንን ቤት ፊት ለፊት የጻፈችው ከብዙ መጽሐፍ በኋላ ነው። በደሉ በራሱ እየገነፈለ የሚወጣ ነገር ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚመጣው እሱ ነበር። እሷ መጀመሪያ ሙያውን ተማረች። ከዚያ ከባዱን ነገር አነሳች።

አሁን የቀሩትን "እናቶች" እንቁጠር። በ1977 የወጣው "ቻርምድ ላይፍ" ውስጥ ያለችው ክፉ ማን ናት? ግዌንዶለን ናት፤ የዋናው ልጅ የካት ታላቅ እህት። (መጽሐፉን ልታነቡ ያሰባችሁ ይህን አንቀጽ ዝለሉት።) ካት ዘጠኝ ነፍስ አለው። እህቱ ነፍሶቹን አንዲት ትንሽ የክብሪት ጥቅል ውስጥ አስገብታ ትይዛለች። ዘጠኝ የክብሪት እንጨት፣ ለእያንዳንዱ ነፍስ አንድ። ስትፈልግ አንዱን ትጠቀምበታለች። ካት እህቱን እያመነ፣ እየተከተላት፣ የተቃጠሉት እንጨቶች ቁጥር ይጨምራል። ይህ የእናት ታሪክ አይደለም። ራሷ ታላቅ እህት የነበረች ሴት ነች ታላቅ እህት ምን ልታደርግ እንደምትችል የጻፈችው። ሌላውን ከመክሰስ ይልቅ ወደ ራሷ ወንበር ነው የተመለከተችው። እንዲህ ያለ ድፍረት "በቀል" በሚባል ሳጥን ውስጥ አይገባም።

በ1974 የወጣው "ዘ ኦገር ዳውንስቴርስ" ደግሞ ስለ እንጀራ አባት ነው። ልጆቹ ጭራቅ ብለው ስም አውጥተውለታል። መጽሐፉ እያለቀ ሲሄድ ግን ጭራቁ ልጅ ማሳደግ ያልለመደ፣ ግራ የገባው ሰው ሆኖ ይገኛል። የሃውል መጽሐፍ ውስጥም ፋኒ የምትባል የእንጀራ እናት አለች። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሶፊ እንጀራ እናቴ ጉልበቴን በነጻ እየበዘበዘችኝ ነው ብላ ትጠረጥራለች። አንባቢም አብሮ ይጠረጥራል፤ የእንጀራ እናት አይደለች? በኋላ ግን ፋኒ ትመጣለች። ሶፊ በድግምት አሮጊት ሆናለች። ፋኒ ታውቃታለች፣ አቅፋትም ታለቅሳለች። ጸሐፊው ይህን ገጽ የት ጣሉት?

እንግዲህ በመጽሐፎቿ ውስጥ እየደጋገመ የሚመላለስ በደል ካለ ክፋት አይደለም። አለማየት ነው። አዋቂው ልጁን አያይም። ይህን ከሁሉም በላይ የሚያሳየኝ በ1985 የወጣው "ፋየር ኤንድ ሄምሎክ" ውስጥ ያለ አንድ ትዕይንት ነው። ፖሊ የምትባለው ልጅ አባትና እናት ተለያይተዋል። እናትየው ከአባትሽ ጋር ኑሪ ብላ ብሪስቶል ትልካታለች። ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ትደርሳለች። አባትየው ግን አብራው ለምትኖረው ሴት ጉዳዩን ትንፍሽ አላለም። ሴትየዋ ልጅቷ ለአጭር ጊዜ የመጣች እንግዳ ትመስላታለች። ማንም አይጮህም። ማንም አይማታም። አባትየው ፈገግ እያለ፣ ዓይኑን እያሸሸ፣ ነገሩን ለነገ ያሳድረዋል። ፖሊ ቀስ በቀስ ይገባታል። የሚፈልጋት ቤት የለም። ከዚያ ማንንም ላለማስቸገር ወደ ቤቴ ልመለስ ነው ብላ ትወጣለች።

ያንን ክፍል ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ትንሽ ተቀምጫለሁ። እዚያ ውስጥ ጠንቋይ የለም። አስማት የለም። ደግሞም ጥፋተኛው ዋነኛ ሰው አባት ነው፤ እናት ብቻ አይደለችም። ጸሐፊው ያንን መጽሐፍ የሚቆልፈውን አባት ከመግቢያው በኋላ ረስተውታል። ዳያና አልረሳችውም። ልጅ የሚያሳድጉ ደግ ሰዎችንም አልረሳችም። የፖሊ አያት እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ናት፤ ልጅቷን ሰው የምታደርጋት እሷ ናት።

ሦስተኛው ነጥብ ኦክስፎርድ ነው። ይህን ቶሎ ልለፈው፤ ግማሹ እውነት ነውና። ዳያና በ1953 ሴንት አንስ ኮሌጅ ገባች። ሉዊስንም ቶልኪንንም አዳመጠች። የሉዊስ አዳራሽ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ድምፁም ይሰማል። ቶልኪን ግን ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ይንተባተባል። ተማሪው እንዲሸሽለትና ቤቱ ገብቶ እንዲጽፍ ነው የሚፈልገው፤ እሷ እንደዚያ ነው የገባት። ሌላው ሰው ቀረ፤ እሷ ግን ከጥቂቶች ጋር መሄዷን አላቋረጠችም። ምክንያቱም ሰውየው በዚያ ማጉረምረም ውስጥ አንድ ቀላል ታሪክ፣ ለምሳሌ መንገድ የሚሄድ ሰው ታሪክ፣ ትንሽ ሲለወጥ እንዴት ሌላ ታሪክ እንደሚሆን ያብራራ ነበር።

ትምህርቱን ወሰደች። ግን የመምህሩን ዓለም አልወሰደችም። የእሷ መጻሕፍት ውስጥ ሠራዊት ከሠራዊት የሚገጥምበት፣ ዓለምን ለማዳን በተራራ ላይ የሚታለፍበት ታሪክ ብዙ አይደለም። እንዲያውም በ1996 "ዘ ታፍ ጋይድ ቱ ፋንታሲላንድ" የሚል የቱሪስት መመሪያ መሰል መጽሐፍ ጽፋ፣ ቶልኪንን የሚኮርጁትን ሁሉ በሳቅ ገደለቻቸው። ካርታው ላይ ያለ ቦታ ሁሉ ሳትረግጡት አትቀሩም ትላለች። የሚበላው ሁሌ ያው ወጥ ነው፤ ለመሥራት ሰዓታት የሚፈጅ ወጥ፣ በየመንገዱ በሚሰፍሩ ጀግኖች ዘንድ! የማንም ግልባጭ የሆነ ሰው እንዲህ አይቀልድም።

አራተኛው፣ "ጊዜ ተርፏት ጻፈች" የሚለው፣ በእውነቱ አናዶኛል። በ1956 የመካከለኛው ዘመን ሥነ ጽሑፍ ምሁር የሆነውን ጆን ባሮውን አገባች። ሦስት ወንድ ልጆች ወለደች። ሦስት ትንንሽ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ጊዜ ሲተርፍ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ። ራሷ መጻፍ የጀመርኩት አእምሮዬ እንዳይነካ ነው ነበር የምትለው። በ1975 ብቻ ሦስት መጽሐፍ አውጥታለች። ይህ በትርፍ ጊዜ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

እዚህ ላይ ሕይወቷ አጻጻፏን የቀረጸበት ግልጽ መንገድ ነበር፤ ጽሑፉ አላየውም እንጂ። ልጆቿ ወንዶች ናቸው። በዚያን ጊዜ ወንድ ልጅ ዋና ገጸ ባሕርይዋ ሴት የሆነችበትን መጽሐፍ አላነብም ይል ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ መጽሐፎቿ ጀግኖች በብዛት ወንዶች ናቸው። ሴት ጀግና፣ እውነተኛ ጀግና፣ እንዴት እንደምትጻፍ ለዓመታት አሰበችበት። "ፋየር ኤንድ ሄምሎክ" የመጣው ከዚያ ሐሳብ ነው። በዓመቱ ደግሞ ሶፊ መጣች። በጓዳ የታየ ነገር የአንድን ደራሲ ሥራ አቅጣጫ ሲወስን እንዲህ ነው። ይህን ትቶ ስለ ትርፍ ጊዜ ማውራት ያሳዝናል።

አምስተኛው የሃውል ጉዳይ ነው። ጸሐፊው ፊልሙን አይተው መጽሐፉን ያነበቡ አይመስለኝም። ይቅርታ ይደረግልኝ፣ ግን ሌላ ማብራሪያ አጣሁለት። በቦምብ የሚነደው ከተማ፣ የጦር አውሮፕላኖቹ፣ ሃውል ወፍ ሆኖ ወደ ውጊያ የሚበርርበት ሌሊት፣ እነዚህ ሁሉ የፊልሙ ዳይሬክተር የሃያኦ ሚያዛኪ ናቸው። ፊልሙ የወጣው በ2004 ነው፤ የኢራቅ ጦርነት ሰሞን። መጽሐፉ ግን የ1986 ነው። ጦርነቱ እዚያ ውስጥ ከሩቅ የሚወራ ነገር ነው እንጂ የታሪኩ ልብ አይደለም።

የመጽሐፉን ልብ ከፈለጋችሁ ከሕይወቷ ሌላ ሦስት ነገር ልጥቀስ። አንደኛ፣ ሶፊ የሦስት እህቶች ታላቅ ናት። የሦስት ልጆች ታላቅ መሆን ያልታደለ ዕጣ እንደሆነ መጽሐፉ ገና ሲጀመር ይነግረናል። ደራሲዋም የሦስት እህቶች ታላቅ ናት። ሁለተኛ፣ የግንቡ በር እጀታው ሲዞር ወደ ተለያየ ቦታ ይከፈታል። አንዱ የሚከፈተው ወደ ዌልስ ነው፤ ወደ ዛሬዋ፣ ልጆች ኮምፒውተር ላይ ወደሚጫወቱባት ዌልስ። ያ የሚያምርና የሚያኮርፍ ጠንቋይ የዌልስ ልጅ ነው፤ ትክክለኛ ስሙ ሃወል ጄንኪንስ። እህቱ መቼ ነው ደህና ሥራ የምትይዘው እያለች ትነዘንዘዋለች። ፊልሙ ይህን በር ዘግቶታል። የአያቷ አገር ወደዚያ መጽሐፍ የገባው በዚህ በር ነው።

ሦስተኛውን በጣም እወደዋለሁ። ሶፊ በአንድ ጊዜ ዘጠና ዓመት ይሞላታል። ጉልበቷ ይንቋቋል፤ ወገቧን ይይዛታል፤ ያለ ዱላ አትሄድም። ይህ እንዴት እንዲህ ልክ ሆኖ ተጻፈ? ዳያና በዚያ ዘመን ከባድ የወተት አለርጂ ነበረባት። እግሯ እስኪከዳት አድርሷት በዱላ ትሄድ ነበር። ገና በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለች አሮጊት ምን እንደሚሰማት ሰውነቷ አስተማራት። ግን ከዚያ የሠራችውን ተመልከቱ። ሶፊ አሮጊት ስትሆን አታለቅስም። አፏ ይፈታል። ወጣት ሳለች የምትፈራውን ሁሉ መናገር ትጀምራለች፤ ጠንቋዩን ትቆጣለች፤ ቤቱን ማንንም ሳታስፈቅድ ትጠርጋለች። ሕመሙን የኮሜዲ ሞተር አደረገችው። የጸሐፊው ቀመር ቢሠራ ኖሮ ከዚያ ሕመም የሚወጣው የሐዘን መጽሐፍ ነበር።

የመጽሐፉን ርእስ እንኳ የሰጣት ሌላ ሰው ነው። ትምህርት ቤት ለጉብኝት ሄዳ ሳለ አንድ ልጅ ስለሚንቀሳቀስ ግንብ ጻፊ አላት። ስሙን በወረቀት ይዛ ነበር፤ ወረቀቱን የት እንዳኖረችው ጠፋባት። መጽሐፉ ላይ የልጁን ስም ሳትጠራ ነው ያመሰገነችው።

ታዲያ ጦርነቱ ምንም አላደረገም ወይ? አድርጓል። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ልስማማ። እሷ ራሷ እንዲህ ያሉ መጽሐፎችን የምጽፈው አምስት ዓመት ሲሆነኝ ዓለም በድንገት ስላበደች ነው ብላለች። ግን የጦርነቱን አሻራ በቦምብና በአውሮፕላን ውስጥ ከፈለግነው አናገኘውም። ያለው ሌላ ቦታ ነው። ትናንት ቤት የነበረው ዛሬ ቤት አይደለም፤ ሕጉ ሁሉ ተለውጧል፤ አዋቂዎቹ ግን ምንም እንዳልሆነ ይኖራሉ። በ1982 በወጣው "ዊች ዊክ" ውስጥ ያለው ዓለም ከእኛው ዓለም ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። የለያያቸው በ1605 የእንግሊዝን ፓርላማ በባሩድ ለማፈንዳት የተጠነሰሰው የጋይ ፎክስ ሴራ በሌላ መንገድ ማለቁ ብቻ ነው። በዚያች ትንሽ ልዩነት ምክንያት በዚያ ዓለም ጠንቋይ ይቃጠላል። ልጆቹ ደግሞ በተለመደ አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ የተለመደ ምሳ እየበሉ፣ ማን እንደሚጠቆም እየፈሩ ይማራሉ። ይሄ ነው የ1939ኟ ልጅ።

የመጨረሻው ነጥብ የዝና ጉዳይ ነው፤ በቀን ብቻ ይመለሳል። "ቻርምድ ላይፍ" የወጣው በ1977 ነው። በዓመቱ የጋርዲያን የልጆች ልቦለድ ሽልማትን አገኘ። የመጀመሪያው ሃሪ ፖተር የወጣው በ1997 ነው። ሃያ ዓመት ልዩነት አለ። ሃሪ ፖተር ከገነነ በኋላ አሳታሚዎች የቆዩ መጽሐፎቿን እንደገና ማተማቸው ልክ ነው። አዲስ አንባቢ አመጣላት፤ ደራሲ ግን አላደረጋትም። በ2007 የወርልድ ፋንታሲ ሽልማት ሰጪዎች ለዕድሜ ልክ ሥራዋ ሲሸልሟት ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ ሥራ ነበር ከፊታቸው።

በ2011 ብሪስቶል ውስጥ በካንሰር ስታርፍ አንድ መጽሐፍ ሳይጨረስ ቀረ። "ዚ አይላንድስ ኦፍ ካልዲያ" ይባላል። የጨረሰችው ኡርሱላ ናት፤ ያቺ ፀጉሯ የተቋጠረላት ትንሽ እህት። በ2014 ታተመ። ጸሐፊው ይህን ቢያውቁ ኖሮ ስለ እህቶቹ ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ የሚጽፉ ይመስለኛል።

ጽሑፉን አንብባችሁ ዳያናን ለመሞከር ያሰባችሁ ካላችሁ ከ"ቻርምድ ላይፍ" ጀምሩ። ቀጥላችሁ ሃውልን፣ ፊልሙን ብታዩትም ባታዩትም። "ፋየር ኤንድ ሄምሎክ" ይከብዳል፤ መጨረሻውን ሁለቴ ማንበብ ያስፈልጋል፤ እኔም አሁን ድረስ ሙሉ በሙሉ ገባኝ አልልም። "ዘ ታይም ኦፍ ዘ ጎስት"ን ግን መጀመሪያ አታንሱት። እሷም መጀመሪያ አልጻፈችውም።